የፖሊስ ውሎና አዳር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቅርቡ ወደዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የፖሊስን ሥራ የሚመለከቱ ስለሆኑ የዚህን ዕትም ገጾች ለእነርሱ ብቻ ሰጥተናል። መልሶቹን ያዘጋጁት በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች በወንጀል መከላከልና በወንጀል ምርመራ ክፍሎች ለረጅም ዓመታት አገልግለው በኢንስፔክተርነት ማዕረግ ጡረታ የወጡ የዓምዳችን ተባባሪ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ ለመመዝገብ አስቤአለሁ። እናቴ ግን «ሌባ ስታባርር ትሞትብኛለህ» እያለች ትከለክለኛለች። ለመሆኑ አንድ ፖሊስ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው ምንድን ነው?

መልስ፦ እናትህ የምትፈራው ነገር የለም ብዬ አልዋሽህም፤ በሥራ ላይ ሳሉ የቆሰሉም የሞቱም ባልደረቦች አሉኝ። ይሁን እንጂ አዲስ ምልምል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስደነግጠው አደጋው ሳይሆን የጽሕፈቱ ብዛት ነው። ሮጦ ሰው መያዝ ከሥራው ጥቂቱ ሲሆን የቀረው መስማት፣ መጠበቅና መጻፍ ነው። ብዕር መያዝ የሚሰለችህ ከሆነ ካሁኑ አስብበት።

ቀኑ የሚጀምረው በርክክብ ነው። ሌሊቱን ያደረው ተረኛ ለገቢው ተረኛ ሲያስረክብ በማረፊያ ክፍል ያሉትን ተጠርጣሪዎች በስም እየጠራ ይቆጥራል፤ የታመመ፣ ተደብድቤአለሁ የሚል ወይም በዕለቱ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ካለ ለይቶ ይናገራል፤ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ዕቃ፣ የጦር መሣሪያውንና ጥይቱን ያሳያል፤ ይህ ሁሉ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ሁለቱም ይፈርሙበታል። ለውጭ ሰው አሰልቺ ሥርዓት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሳይቆጠር ያለፈ አንድ ስልክ ወይም ሳይመዘገብ የቀረ አንድ ቁስል ከወራት በኋላ ፖሊሱን ራሱን ተጠያቂ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ልምድ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ለመሄድ ምንም ያህል ቢቸኩል ቆጠራውን አያቻኩልም።

ከርክክቡ ቀጥሎ ሰልፍና የዕለቱ ስምሪት ይመጣል። ኃላፊው ሌሊት የደረሰውን ወንጀል፣ የሚፈለገውን ሰው መልክና አለባበስ፣ በዕለቱ በአካባቢው የሚኖረውን ስብሰባ ወይም ገበያ ይናገርና ሰዉን ይደለድላል፤ አንዱ በቀጠናው በእግር ይዘዋወራል፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ይጠብቃል፣ ሁለቱ ተጠርጣሪ አጅበው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፣ አንዱ ጣቢያው በር ላይ ይቆማል። ለአዲስ ኮንስታብል ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በሩና አጀባው ነው። ወጣቶቹ ይህን እንደ ቅጣት ያዩታል። እኔ ግን ጣቢያው በሕዝብ ዘንድ የሚኖረውን ስም ከኃላፊው ይልቅ በር ላይ የቆመው ኮንስታብል ይወስነዋል ባይ ነኝ፤ ተደፍራ የመጣች ልጅ፣ ልጁ የጠፋበት አባትም ሆነ ጠጥቶ የሚጮኽ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኙት እርሱን ነውና።

በቀጠና የተመደበ ፖሊስ የሚሰማው አቤቱታ በአብዛኛው ከወንጀል ሕጉ ውጭ ነው። የጎረቤት ፍሳሽ ግቢዬ ገባ፣ አከራዬ መብራት ቆረጠብኝ፣ ከመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን አላስተኛን አለ የሚሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ያስቆሙታል። የሱቅ ባለቤቶችን፣ የግቢ ዘበኞችን፣ ሊስትሮዎችንና ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ልጆች በስም የማያውቅ ፖሊስ ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ ማንን ምን እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል። የተቀያየሙ ጎረቤቶች ካሉም ነገሩ ዱላ ሳይደርስ ሽማግሌ እንዲገባ ያደርጋል። ሚስቱን የደበደበን ሰው ግን «በሽማግሌ ጨርሱ» ብሎ መመለስ ሥራን መሸሽ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባልደረባ አጋጥሞኝ ያውቃል፣ አንተም ያጋጥምሃል።

ምርመራ ክፍል ከገባህ ውሎህ ሌላ ነው። ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርበህ የጊዜ ቀጠሮ ታስረዳለህ፤ ከዚያ የተጎጂን የሕክምና ማስረጃ ለማምጣት ሆስፒታል ትሄዳለህ፤ ከሰዓት በኋላ በመጥሪያ የቀጠርሃቸውን ምስክሮች ትጠብቃለህ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል። የመጣውን ታስቀምጥና ቃሉን ትጽፋለህ፣ መልሰህ ታነብለታለህ፣ ታስፈርመዋለህ። በዚያው ቀን የሄድህበትን ቦታ፣ የሠራኸውንና ሰዓቱን በምርመራ ማስታወሻህ ላይ ማስፈር ይጠበቅብሃል፤ ዘመኔን ሙሉ የሠራሁበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያዘው እንዲህ ነው። ጨረስሁት ብለህ ለዐቃቤ ሕግ የላክኸው መዝገብ «ይህና ይህ ይሟላ» ተብሎ ሲመለስልህ ከአዲሶቹ ጋር ጠረጴዛህ ላይ ይቆለላል። ተጎጂዋ ሕፃን ወይም የጾታ ጥቃት የደረሰባት ሴት ከሆነች አሠራሩ ይለያል፤ በአዲስ አበባ ለምሳሌ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙም መርማሪውም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። የዚህ ዓላማ ልጅቱ የደረሰባትን ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እንዳትናገር ነው። ለዚህ ሥራ የሚመደብ ሰው ትዕግሥቱ ከሌሎቻችን እጥፍ መሆን አለበት።

የሌሊቱን ተራ በአጭሩ ልንገርህ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሥራው ከመጠጥ ቤቶች አካባቢ ይመጣል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ ብርዱና እንቅልፉ ይከብዳል። ሮንድ ወጥተህ ሁለት ሆነህ ትዞራለህ፤ ብቻህን አትዞርም።

በቅጥሩ በኩል፣ የዕድሜውን፣ የትምህርቱንና የጤናውን መስፈርት ከወጣው ማስታወቂያ ላይ አንብብ፤ በየክልሉና በየዓመቱ ሊለያይ ስለሚችል ከሰው አፍ አትስማ። መሠረታዊ ሥልጠናውን የጨረሰ ምልምል በኮንስታብልነት ይጀምርና በሳጅን፣ በኢንስፔክተርና በኮማንደር ደረጃዎች በኩል እስከ ኮሚሽነርነት የሚያደርስ መሰላል ይጠብቀዋል። ትምህርት ለመቀጠል የሚፈልግ ሰንዳፋ የሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለለት። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ነገር ላንተ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ይህንን ለእናትህ ንገራት።

ጥያቄ፦ መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ዕቃ በዱቤ የወሰደ ደንበኛዬ ገንዘቤን ሊከፍለኝ ስላልቻለ ጣቢያ ሄጄ ብዙ ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ «የእርስዎ ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ነው» ተብዬ ተመለስሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሠራተኛዬ ስልኩን በሞተር ሳይክል በመጡ ልጆች ተነጥቆ ሲያመለክት ያገኘው ነገር የለም። ፖሊስ የሚሠራው ለማን ነው?

መልስ፦ ሁለቱን ጉዳዮች ለየብቻ ብንመለከታቸው ይሻላል።

በዱቤው ጉዳይ የነገሩዎት ሰው አመላለሱ ሸካራ ይሆን ይሆናል እንጂ ሕጉን አልሳተም። በስምምነት ዕቃ ወስዶ ቀኑ ሲደርስ ያልከፈለ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ባለዕዳን ፖሊስ ጠርቶ «ክፈል» ማለት አይችልም፣ ካለም ከሥልጣኑ አልፏል። ጉዳዩ ወንጀል የሚሆነው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው። ሰውየው ገና ከመጀመሪያው በሐሰተኛ ስም፣ በሐሰተኛ ፈቃድ ወይም በሌላ ማሳሳቻ ዕቃውን ከወሰደ ማታለል ሊሆን ይችላል። ለክፍያ ቼክ ሰጥቶዎት ባንክ ሲቀርብ በቂ ስንቅ የለውም ከተባለ ደግሞ፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ስለዚህ ዳግመኛ ሲሄዱ «ገንዘቤን ከለከለኝ» ብለው ብቻ አይጀምሩ፤ ሰውየው ምን ብሎ፣ ምን አሳይቶ፣ ምን ሰጥቶ ዕቃውን እንደወሰደ በቅደም ተከተል ይናገሩ፤ ሰነድ ካለም ኮፒውን ይያዙ። ፖሊሱ መዝገብ ለመክፈት የሚያስፈልገው ከዚህ ውስጥ ወንጀል የሚሆነው ፍሬ ነገር ነው፤ ተናዳጅ ባለጉዳይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘለው ይህንኑ ነው።

በቼኩ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ነጋዴ ቼኩን እንደ መያዣ ኪሱ ውስጥ ያኖረውና ባለዕዳው ሲያስቸግረው ፖሊስ እንዲያስፈራራለት ይፈልጋል። መርማሪ ይህን ሲያይ ልቡ ይቀዘቅዛል፤ እኔም ይቀዘቅዝብኝ ነበር።

ስልኩ ግን ወንጀል መሆኑ አያከራክርም፤ ሠራተኛዎ አመልክቶ ምንም ካልተመዘገበለት ጥፋቱ የጣቢያው ነው። የወንጀል አቤቱታ በቃል ሲቀርብ የተቀበለው ፖሊስ በጽሑፍ ማስፈር፣ ለአመልካቹ ማንበብና ቀን ተጽፎበት እንዲፈረም ማድረግ አለበት። ልጁ እንደገና ይሂድና ቃሉን አስመዝግቦ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይዞ ይመለስ። እንቢ ከተባለ ተረኛ ኃላፊውን፣ ከዚያም የጣቢያውን አዛዥ ይጠይቅ፤ እዚያም መልስ ካላገኘ የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ አለ።

አቤቱታው ፍሬ እንዲኖረው ደግሞ የስልኩ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በስልኩ ካርቶን ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ስልኩ በእጅ እያለ *#06# ተብሎ ቢደወልም ይታያል፤ ጽፎ ማስቀመጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ፖሊስ በአንድ ፍተሻ ብዙ ስልኮች ይዞ ባለቤታቸው ሳይታወቅ በኤግዚቢት ክፍል የሚከማቹት ከሳሹ «ጥቁር ሳምሰንግ» ከማለት በቀር የሚሰጠው ምልክት ስለሌለው ነው። የነጠቃው ሰዓት፣ የሞተሩ ቀለም፣ የሰሌዳው ሁለት ቁጥር እንኳ ቢሆን፣ በአቅራቢያው ያለ ሱቅ ወይም ሆቴል የደኅንነት ካሜራ እንዳለው፣ እነዚህን ሁሉ በዚያው ቀን መናገር ይጠቅማል፤ ካሜራው የቀረጸው በቀናት ውስጥ በላዩ ላይ ሊቀረጽበት ይችላልና።

እግረ መንገዴን፣ እንደ ስድብ ያሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ተበዳዩ ወንጀሉን ወይም ወንጀለኛውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካላመለከተ መብቱ እንደሚያልፍበት መርካቶ ያሉ ጓደኞችዎም ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥንና የጋዝ ሲሊንደር ሰርቆ ሲወጣ እጅ ከፍንጅ ይዘን ለፖሊስ ያስረከብነው ሰው በሦስተኛው ቀን በሰፈራችን ሲዘዋወር አየነው። ሰዉ ሁሉ ጉቦ ተበልቷል እያለ ነው። እንዲህ ከሆነ ሌባ መያዝ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጉቦ የሚበላ ፖሊስ የለም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ከእናንተ መካከል ጣቢያ ድረስ ሄዶ የምስክርነት ቃሉን የሰጠው ማን ነው ብዬ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ በዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ይሮጣል፤ ቅዳሜና እሑድም አያቆሙትም። ዓርብ ማታ ሌባ የተረከበ መርማሪ የቅዳሜ ዕቅዱን ዓርብ ማታውኑ ይሰርዛል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የተጠርጣሪውን ቃል መቀበል፣ ምስክሮችን አግኝቶ ማነጋገር፣ ዕቃውን በኤግዚቢትነት መመዝገብና ለባለቤቱ አሳይቶ ማረጋገጥ፣ አሻራ ማስነሣት፣ ለፍርድ ቤቱ የሚቀርበውን ማመልከቻ መጻፍ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ሌሎች መዝገቦች በእጁ እያሉ ነው።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምርመራው ካላለቀ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ዳኛው ግን «እስካሁን ምን ሠራህ? ምን ቀረህ? የቀረህን ሥራ ሰውየው ውጭ ሆኖ ለምን መሥራት አትችልም?» ብሎ ይጠይቃል። መርማሪው ያለው የከሳሹ ቃልና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ፣ ያዝን ያሉት ጎረቤቶችም ስማቸውን እንኳ ሳያስመዘግቡ ከተበተኑ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው የለውም። በዋስ መለቀቁ በሕጉ መሠረት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ዋስትና በሕጉ በአጠቃላይ የሚነፈገው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ጉዳት የደረሰበት ሰው ሊሞት ይችላል ተብሎ ሲሰጋ፣ ከዚህም ሌላ ተጠርጣሪው እንደሚጠፋ፣ ሌላ ወንጀል እንደሚፈጽም ወይም ማስረጃ እንደሚያጠፋ ሲታመን ነው። በዋስ የወጣ ሰው ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። መዝገቡ እንደቀጠለ ነው፤ ክሱ ሲመሠረት መቅረብ አለበት፤ ሳይቀርብ ቢጠፋ ዋሱ ይጠየቃል።

ምስክር ለመሆን የሚፈራ ሰው ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ ሌባው የሰፈር ልጅ ነው፣ ወንድሞች አሉት፣ ነገ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ለከባድ ወንጀሎች የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል፣ የቴሌቪዥን ስርቆት ግን እዚያ አይደርስም። ከልምዴ የምመክረው አንድ ሰው ብቻውን ከሚወጣ ሦስት አራት ሆናችሁ ቃል እንድትሰጡ ነው፤ ብዙ ሰው በመሰከረበት ጉዳይ አንዱን ለይቶ መበቀል ለማንም ይከብዳል።

በደብዳቤዎ ያልጻፉትን አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፦ ሰውየውን ስታስረክቡት በእግሩ ቆሞ ይሄድ ነበርን? እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ሰው ይዞ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ እንዲደበድበው ግን አይፈቅድለትም። ሌባው ደም እየፈሰሰው ከመጣ መርማሪው አስቀድሞ ወደ ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ ከ48ቱ ሰዓት ብዙው እዚያ ያልቃል፣ ደብዳቢዎቹም በሌላ መዝገብ ተጠርጣሪ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ምስክር የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል? አንዳንድ ጊዜ ባለጉዳዮች ጣቢያ ድረስ መጥተው «እናንተስ ገርፋችሁ ለምን አታሳምኑትም?» ይሉን ነበር። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ነገሩ ነውር ከመሆኑ በላይ መዝገቡንም ያበላሸዋል።

አሁን ማድረግ የምትችሉት ወደ ጣቢያው ሄዳችሁ የመዝገቡን ቁጥር ይዛችሁ ሰውየው በምን ሁኔታ እንደተለቀቀ መጠየቅ ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በፖሊስ ዋስ ከሆነ የተጻፈ ነገር ይኖራል። ምንም ጽሑፍ ከሌለ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለውና ለአዛዡ፣ አለዚያም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን በስምና በቀን አስደግፋችሁ አመልክቱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ከተጋባን ወዲህ መስቀልንም ጥምቀትንም አብረን አሳልፈን አናውቅም። ቤት ሲመጣም አይናገርም፣ ቶሎ ይቆጣል። ሥራው እንዲህ ያደርጋል ወይስ ሌላ ነገር አለ?

መልስ፦ በቤታችሁ ስላለው ነገር ከሩቅ ሆኜ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ስለ ሥራው ግን ልነግርዎት እችላለሁ። ሌላው ሰው ለበዓል ዕረፍት ሲወጣ የፖሊስ ፈቃድ የሚሰረዘው በዚያው ምክንያት ነው። ደመራ በሚለኮስበት በመስከረም 16 መስቀል አደባባይ፣ በጥር 10 ከተራ ደግሞ ጃንሜዳና ታቦታቱ የሚያልፉባቸው መንገዶች ሕዝቡ ከመድረሱ አስቀድሞ መያዝ አለባቸው፤ ሕዝቡ ተበትኖ መኪናው ሁሉ እስኪወጣ ድረስም ፖሊሱ ከቦታው አይነቃነቅም። የዒድ ሶላትም፣ ኢሬቻም፣ ትልቅ የእግር ኳስ ግጥሚያም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ከሌሎቻችን የተለየ ድካም አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጭስ ይስባል፣ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል፣ ክስ የጻፈበት አሽከርካሪ ሁሉ ይረግመዋል።

ዝምታውን በተመለከተ የምገምተው አደጋዎቹን ነው። ሰው የሞተበት ግጭት ሲደርስ ትራፊክ ፖሊሱ የተጎዱትን ወደ ሆስፒታል ልኮ ከቦታው አይሄድም፤ የፍሬን ምልክቱን በሜትር ይለካል፣ መኪኖቹ የቆሙበትን፣ አስከሬኑ የወደቀበትን ቦታ ለይቶ ፕላን ያነሣል፣ አሽከርካሪውን ይይዛል፣ ከዚያም የሟችን ቤተሰብ ያገኛል። ይህን አድርጎ ማታ ቤቱ ይገባል። በእኛ ዘመን ስለዚህ ጉዳይ የሚያነጋግር ባለሙያ አልነበረም፤ ያየነውን እርስ በርስ እንቀላለድበት ነበር፣ ብዙዎች ደግሞ በመጠጥ ያበርዱት ነበር። ባለቤትዎ እንደ ገባ «ምን ሆንህ?» ብለው አይጠይቁት፤ ልብሱን ይለውጥ፣ ይብላ፣ ትንሽ ይረፍ፤ ሲፈልግ ራሱ ይጀምረዋል። ቁጣው ግን በእርስዎ ወይም በልጆቹ ላይ እጅ እስከ ማንሣት ከደረሰ ሥራው ምክንያት ሊሆነው አይችልም፤ የፖሊስ ሚስት ስለሆኑም ዝም ማለት የለብዎትም። ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀናት ከበዓል ማግሥት እንዲሰጡት አስቀድሞ ቢያመለክት የሚከለክለው ኃላፊ አይበዛም፤ እኛ ቤት መስቀል ይከበር የነበረው በመስከረም 20 ገደማ ነው፣ ልጆቼም ለምደውት ነበር።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ሌሊት መጥቶ ቤቴን ልፈትሽ ቢለኝ መክፈት አለብኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ በመደበኛው ሥርዓት ፖሊስ ቤት የሚፈትሸው የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ይዞ ነው፤ ትእዛዙ በግልጽ ካልፈቀደ በቀርም ፍተሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆን አለበት። ያለ ትእዛዝ መግባት የሚቻልባቸው ጠባብ ሁኔታዎች አሉ፤ ዋናው ፖሊስ እያባረረው ያለ ተጠርጣሪ ቤትዎ ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። መታወቂያቸውንና ትእዛዙን እንዲያሳዩ በትሕትና ይጠይቁ፣ ትእዛዙ ላይ የተጻፈውን የቤት አድራሻ ያንብቡ፣ ጎረቤት በታዛቢነት ይጥሩ። የሚወሰደው ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ እርስዎም ታዛቢውም ሳትፈርሙበት ከቤት አይውጣ። ሴት በአካል የምትፈተሽ ከሆነ ፈታሿ ሴት መሆን አለባት።